ስልክ ሲሞት ሬዲዮ ላይ መገኘት፦ ለአማተር ሬዲዮ በጎ ፈቃደኛ ጀማሪ መመሪያ

ጁን 29 ቀን 2012፣ ዓርብ ማታ፣ ዴሬቾ የሚሉት የነፋስ ማዕበል ከመካከለኛው ምዕራብ ተነስቶ ሜሪላንድን፣ ዲሲንና ቨርጂኒያን ጠርጎ አለፈ። መብራት ሄደ፤ ይሄ ያለ ነው። ያልታሰበው ሌላ ነበር፦ በሰሜን ቨርጂኒያ የአደጋ ጊዜ መጥሪያው 911 ራሱ ጠፋ። በስልክ ማዕከሎቹ ውስጥ ካሉት መጠባበቂያ ጀነሬተሮች ከፊሎቹ አልነሳም አሉ፣ ባትሪው ተሟጠጠ፣ ሰው ሦስቷን ቁጥር ቢደውል ቢደውል የሚያነሳ የለም። በስድስት ስቴቶች 77 የ911 ማዕከሎች በዚያ ማዕበል ተጎድተዋል።

አማተር ሬዲዮ የሚፈለገው እንዲህ ባለው ሌሊት ነው። አማተር ሲባል ሥራውን የማያውቅ ማለት አይደለም፤ ለሥራው ገንዘብ የማይቀበል ማለት ነው። ሕጉም ይኸው ነው። በራሱ ሬዲዮ፣ በራሱ ባትሪ፣ በራሱ ቤንዚን ሄዶ ከመጠለያ ወደ ካውንቲ (የአካባቢው አስተዳደር)፣ ከካውንቲ ወደ ሆስፒታል መልእክት የሚያሻግር ሰው ነው።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ፈቃድ ካወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ከዚህ በታች የጻፍኩት በአሜሪካ ደንብና በዚህ አካባቢ ልማድ ነው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፦ ጀማሪ ሁሉ ስለ ሬዲዮው ነው የሚጠይቀኝ፤ የቱ ይሻላል፣ ስንት ዋት፣ ስንት ማይል። ሬዲዮው ቀላሉ ነው። ሰው የሚወድቀው መልእክቱ ላይ ነው።

1. ፈቃዱን ማውጣት

ለማዳመጥ ፈቃድ አያስፈልግም። ለመናገር ግን ኤፍሲሲ የሚባለው የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን ፈቃድ ሊሰጣችሁ ይገባል። ሦስት እርከን አለው፤ ቴክኒሻን፣ ጀነራልና ኤክስትራ። ለሰፈርና ለካውንቲ ሥራ ቴክኒሻን ይበቃል። ፈተናው 35 ጥያቄ ነው፣ 26 የመለሰ ያልፋል። ጥያቄዎቹ የሚመረጡት አራት መቶ ገደማ ከሚሆን የጥያቄ ባንክ ሲሆን ባንኩ ከነመልሱ በነጻ ይገኛል። በቀን ግማሽ ሰዓት የሰጠ ሰው በወር ውስጥ ይደርስበታል። የሞርስ ኮድ ፈተና በ2007 ቀርቷል፤ እሱን ፈርታችሁ የተዋችሁ ካላችሁ ተመለሱ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በኤፍሲሲ ድረ ገጽ ተመዝግባችሁ ኤፍአርኤን የሚባለውን አሥር አሃዝ ቁጥር አውጡ። ቀጥሎ ፈተና የሚሰጡ በጎ ፈቃደኞችን ፈልጉ፤ በቤተ መጻሕፍት፣ በእሳት አደጋ ጣቢያ፣ በኢንተርኔትም ይፈትናሉ። ለፈተናው 15 ዶላር አካባቢ የሚያስከፍሉ አሉ፣ በነጻ የሚፈትኑም አሉ። ካለፋችሁ በኋላ ኤፍሲሲ በኢሜይል 35 ዶላር ይጠይቃችኋል፤ በ10 ቀን ውስጥ ክፈሉ። ከዚያ በአየር ላይ የምትጠሩበት ኮል ሳይን የሚባለው መለያችሁ በመዝገብ ላይ ይወጣል፣ ለ10 ዓመት ያገለግላል።

ዜግነት አይጠየቅም። የተከለከለው የውጭ መንግሥት ወኪል ብቻ ነው፤ ዲሲ ስለሆንን ኤምባሲ የሚሠሩ ወገኖች ይህችን ልብ ይበሏት። ሌላም አለ፦ የፈቃዱ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ የሰጣችሁትን አድራሻ ማንም ያየዋል። የቤት አድራሻችሁ እንዲታይ ካልፈለጋችሁ ቀድማችሁ የፖስታ ሳጥን ተከራዩ። እኔ ይሄን የሚነግረኝ አጥቼ ኋላ ነው ያስቀየርኩት።

ይህ ፈቃድ ለአገር ቤት አይሆንም። አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የተባለ የክለብ ጣቢያ አለ፤ በዓለም ያሉ አማተሮች ድምፁን ለመስማት ይጓጓሉ። ይሁንና ከእዚያው አገር ፈቃድ ሳትይዙ ሬዲዮ በሻንጣ ከታችሁ ቦሌ እንዳትወርዱ።

2. የመጀመሪያው ሬዲዮ

እንደ ባኦፌንግ ዩቪ5አር ያለ የእጅ ሬዲዮ 30 ዶላር አካባቢ ነው። የሚንቁት አሉ፤ ለመጀመሪያ ግን ይሆናል። ሁለተኛ ሬዲዮ ከመግዛታችሁ በፊት የተሻለ አንቴና ግዙ። አብሮት የሚመጣው አጭር የጎማ አንቴና ለመያዝ ይመቻል እንጂ ድምፅ አያደርስም።

የእጅ ሬዲዮ ጉልበቱ 5 ዋት ገደማ ነው። ከተማ ውስጥ በቀጥታ ከሰው ሰው ሲያወራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው፤ ቤዝመንት ውስጥ ከሆናችሁ እሱም የለም። ስለዚህ ሪፒተር አለ። ሪፒተር ከፍ ያለ ሕንፃ ወይም ተራራ ላይ ተቀምጦ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን በሌላ ፍሪኩዌንሲ አጉልቶ የሚያስተላልፍ ጣቢያ ነው። ሬዲዮአችሁ ላይ ሦስት ነገር ሙሉ፦ ሪፒተሩ የሚናገርበትን ፍሪኩዌንሲ፣ ልዩነቱንና ቶኑን። ሁለት ሜትር ባንድ በሚባለው ከ144 እስከ 148 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ልዩነቱ 600 ኪሎ ኸርዝ ነው። ሪፒተሩ በ147.000 ሜጋ ኸርዝ የሚናገርና ልዩነቱ ፕላስ ከሆነ፣ እናንተ ስትናገሩ ሬዲዮው በ147.600 ይልካል። ቶን ማለት ከድምፃችሁ ሥር የሚሄድ ጆሮ የማይለየው ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ እሱ ካልተላከ ሪፒተሩ በሩን አይከፍትም። «እሰማቸዋለሁ፣ እነሱ ግን አይሰሙኝም» ያለኝ ጀማሪ ሁሉ ስህተቱ ቶኑ ላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሪፒተርም ይወድቃል። ቡድናችሁ ያኔ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ በቀጥታ እንደሚገናኝ አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ሬዲዮው ጀርባ ላይ ለጥፉት። የአገሪቱ የጋራ መጥሪያ 146.520 ነው።

ሴፕቴምበር 2024 ላይ ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ምዕራብ ኖርዝ ካሮላይናን ሲያጥለቀልቅ መንገዱም ስልኩም ተቆረጠ። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ከፍተኛው ተራራ በሆነው ማውንት ሚቸል ላይ ያለው የአማተሮች ሪፒተር ግን ሥራውን አላቆመም። ለቀናት ያህል ሰው እርዳታ የጠየቀው፣ የዘመዱን ደኅንነት ያጣራው በእሱ ነው። ፍሪኩዌንሲውን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ተጠቀመ፤ የዚያን ቀን ካርቶን የከፈተ ሰው ግን ቁልፉን ሲፈልግ ዋለ።

3. መጀመሪያ ጆሮ

ፈቃዱ እንደወጣ አትናገሩ። ሁለት ሳምንት አዳምጡ። አብዛኛው ቡድን በሳምንት አንድ ቀን ማታ ኔት አለው፤ ኔት ማለት አንድ ሰው እየመራ ሌላው ተራ በተራ የሚገባበት ስብሰባ ነው። መሪው ኔት ኮንትሮል ይባላል። ልክ የዕድር ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ሳይፈቅድ እንደማይነሳው፣ እዚህም ኔት ኮንትሮል ካልጠራችሁ አትገቡም። ልዩነቱ እዚህ ሰው ሕጉን ያከብራል።

ተራችሁ ሲደርስ ቁልፉን ተጫኑ፣ አንድ ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ ተናገሩ። ሰከንዷን ካልጠበቃችሁ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል፤ የመጀመሪያው ቃል ደግሞ ኮል ሳይናችሁ ነው። ማይኩን ከአፋችሁ ሦስት ጣት ያህል አርቁ። አትጩኹ፤ ጩኸት ድምፁን ያበላሻል እንጂ አያርቀውም።

ኮል ሳይናችሁን በየ10 ደቂቃውና በመጨረሻ መናገር ግዴታ ነው፤ በድምፅ ሲነገር በእንግሊዝኛ መሆን አለበት። የቀረውን በአማርኛ ብታወሩ ሕግ አይከለክልም። የተከለከለው ሰው እንዳይገባው ብሎ በምስጢር ኮድ ማውራት ነው። እኔና አንድ ጓደኛዬ እሑድ ማታ በአማርኛ እናወራለን፤ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ገብተው «ምን ቋንቋ ነው?» ብለው ጠይቀውን ዛሬ «ሰላም» ብለው ነው የሚገቡት።

4. ቡድን መግባት

ብቻውን የተዘጋጀ አማተር ለራሱ ቤት ይጠቅማል። ለአደጋ ሥራ የሚጠራው ግን ቀድሞ የሚታወቅ ሰው ነው። ኤሬስ የሚባለው በአገር አቀፉ የአማተሮች ማኅበር በኤአርአርኤል ሥር ያለ የበጎ ፈቃደኞች አገልግሎት ነው። ሬሲስ ደግሞ በ1952 የተቋቋመና የመንግሥት የአደጋ መከላከያ ቢሮዎች የሚጠሩት ነው። በብዙ ካውንቲ ሁለቱም ያው ሰዎች ናቸው፤ ኮፍያ ይቀያይራሉ። የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ የሚያሠለጥናቸው ስካይዋርን የሚባሉ ማዕበል ተመልካቾችም አሉ፤ ሥልጠናው ነጻ ነው፣ በአንድ ምሽት ያልቃል። እኔ በዚያ እንድትጀምሩ እመክራለሁ።

ፌማ የሚባለው የፌዴራል የአደጋ ጊዜ ተቋም በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጣቸውን አይኤስ 100፣ 200፣ 700 እና 800 ትምህርቶች ውሰዱ። አሰልቺ ናቸው፤ አልዋሽም። ግን የአደጋ ቦታ ላይ ማን ማንን እንደሚያዝ የሚያስረዱት እነሱ ናቸው፣ ብዙ ካውንቲም የምስክር ወረቀቱን ሳያይ አያስገባም።

ልምምድ የሚገኘው ደግሞ በሰላም ቀን ነው። ኦክቶበር ላይ በአርሊንግተንና በዲሲ በሚሮጠው የማሪን ኮር ማራቶን በየርዳታ ጣቢያው ሬዲዮ ይዘው የሚቆሙት አማተሮች ናቸው። ውኃ አለቀ፣ ሯጭ ወደቀ፣ አምቡላንስ የት ደረሰ፤ ሥራው ከእውነተኛ አደጋ የሚለየው ሙዚቃ በመኖሩ ነው። ጁን መጨረሻ አካባቢ ባለው ፊልድ ዴይ ደግሞ ሁሉም ሜዳ ወጥቶ በባትሪና በጀነሬተር ያድራል።

5. ባትሪና አንቴና

ከእጅ ሬዲዮ በኋላ ብዙ ሰው የመኪና ሬዲዮ ይገዛል፣ 50 ዋት። ሲናገር 10 አምፒር ገደማ ይበላል፣ ሲያዳምጥ ግማሽ አምፒር። ከአሥር ደቂቃ አንዱን ተናገራችሁ እንበል፤ አማካዩ 1.45 አምፒር ይመጣል። 20 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ 14 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ጉልበቱን ወደ 10 ዋት ብትቀንሱትና 4 አምፒር ቢበላ አማካዩ 0.85 ይሆናል፣ ያው ባትሪ 23 ሰዓት ተኩል ይወስዳችኋል። ሰው ከሰማችሁ ጉልበት ቀንሱ። ሌሊቱን የሚያሳድራችሁ ይህ ነው።

ሽቦአችሁን በአንደርሰን ፓወርፖል ማገናኛ ሥሩ፤ በኤሬስ የተለመደው እሱ ስለሆነ የእናንተ ባትሪ የጎረቤታችሁን ሬዲዮ ያስነሳል። ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ ይሁን።

ለሁለት ሜትር ባንድ የሩብ ሞገድ አንቴና 49 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሽቦ ነው፤ ለዚህ ሲባል ሰው መቶ ዶላር ሲያወጣ ሳይ ይገርመኛል። እኔ የምይዘው ተጠቅልሎ ኪስ የሚገባ ጄ ፖል የሚባል አንቴና ነው። በገመድ ዛፍ ላይ ወይም መጋረጃ ዘንግ ላይ ትሰቅሉታላችሁ፣ በቃ።

ቦርሳው ውስጥ የቀረው፦ እርሳስ (እስክሪብቶ በብርድና በዝናብ እምቢ ይላል)፣ ወረቀት፣ የእጅ ባትሪ፣ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ፣ ውኃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ። መጠለያ ውስጥ ሃምሳ ሕፃን ሲያለቅስ ያለ ማዳመጫ ምንም አትሰሙም።

6. አደጋው ሲመጣ

ቤተሰብ ይቅደም። ቤታችሁ ካልተረጋጋ አትውጡ፣ ሐሳባችሁ ሁለት ቦታ ይሆናል። ከዚያ ሬዲዮ ከፍታችሁ አዳምጡ። ሳትጠሩ ወደ አደጋው ቦታ እንዳትሄዱ፤ ያልተጠራ ሰው መንገድ ከመዝጋት ሌላ ሥራ የለውም። ኔት ኮንትሮል ስም ሲጠይቅ ግቡ፣ የት እንዳላችሁና ምን እንደያዛችሁ ተናገሩ፣ የተሰጣችሁን ቦታ ያዙ።

ቦታችሁ ላይ በራሳችሁ ኮል ሳይን ብቻ አትጠሩም፤ «ሼልተር ሁለት» የሚል የሥራ ስም ይሰጣችኋል። ተረኛው ቢቀየርም ስሙ አይቀየርም። የሚባለው በእንግሊዝኛ ነው፣ መልኩ ግን እንዲህ ነው፦

«ኔት ኮንትሮል፣ ሼልተር ሁለት።»
«ሼልተር ሁለት፣ ቀጥል።»
«ለካውንቲው ማዕከል አንድ መልእክት፣ ፕራዮሪቲ።»
«ማዕከል ዝግጁ ነው፣ ላክ።»

ፕራዮሪቲ ያልኩት የመልእክቱ ደረጃ ነው። አራት ናቸው፦ ኢመርጀንሲ ሕይወት ሲያሰጋ፣ ፕራዮሪቲ ጊዜ የማይሰጥ ሲሆን፣ ዌልፌር የሰው ደኅንነት ሲጠየቅ ወይም ሲነገር፣ ሩቲን የቀረው ሁሉ። መልእክቱ አስቀድሞ በወረቀት ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ አይሲኤስ 213 በሚባለው ቅጽ። ከማን፣ ለማን፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ጉዳዩ፣ ያጸደቀው ሰው ስም ይገባበታል። የመጠለያው ኃላፊ ካልፈረመ አትላኩት። ስትልኩ ሦስት አራት ቃል አንብባችሁ ቁሙ፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው በእጁ እየጻፈ ነው።

ወርቃማው ደንብ፦ መልእክቱን አታሳምሩ። ኃላፊዋ «40 ብርድ ልብስ» ካለች 40 ነው፤ በዓይናችሁ 60 ሰው ብታዩም 60 አትበሉ። ተሳስታለች ካላችሁ ሄዳችሁ ጠይቋት፣ ወረቀቱን እሷ ታስተካክል።

አየሩ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ማንም ስካነር ያለው ይሰማል። የታማሚ ስም ከበሽታው ጋር አጣምራችሁ እንዳታነቡ። የግድ ከሆነ በወረቀት ይላክ፣ ወይም ዊንሊንክ በሚባለው የሬዲዮ ኢሜይል ይሂድ፤ ዊንሊንክም የተቆለፈ አይደለም፣ ግን እንደ ድምፅ በየጆሮው አይገባም።

7. የእኛ ሰው ያለበት መልእክት

ይሄን ክፍል የትኛውም የእንግሊዝኛ መመሪያ ላይ አላገኘሁትም።

አንድ ልምምድ ላይ መጠለያ መስለን በአንድ አዳራሽ ተቀመጥን። እንደ ተፈናቃይ ሆነው የመጡልን የሰፈራችን እናቶች ነበሩ። አንዷን እማማ ስለ መድኃኒታቸው ጠየቅኳቸው፤ «ኢንሱሊኔን 2 ሰዓት ላይ ነው የምወጋው» አሉኝ። ሁለት ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለት ብዬ በእንግሊዝኛ ላክሁ። ማዶ ያለው ሰው ከቀኑ 14:00 ብሎ መዘገበ። እሳቸው ያሉት የጠዋቱን 2 ሰዓት፣ ማለትም 08:00ን ነው። እኔ የአማርኛ ሰዓት ተናግሬ ያደግሁ ሰው! ልምምድ ስለነበር ተሳሳቅን፤ እማማ ግን አልሳቁም፤ «ልጄ፣ ልትገድለኝ ነበር እኮ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው። ሰዓት ሲነገረኝ «ጠዋት ነው ማታ? በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ ፊታቸው በ24 ሰዓት አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ መልሼ አነብላቸዋለሁ። ቀንም እንዲሁ፤ የልደት ቀን በእኛ ዘመን ነው ወይስ በመታወቂያው ላይ ያለው?

ቁጥር በአማርኛ ስትቀባበሉ ሠላሳና ስልሳ በሚንጫጫ ሬዲዮ ላይ አንድ ናቸው። «ሦስት ዜሮ»፣ «ስድስት ዜሮ» በሉ።

ስም ከሁሉም ይብሳል። አሜሪካኖች ቤተሰብን የሚፈልጉት በመጨረሻ ስም ነው። የእኛ ቤት ውስጥ ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጆች በአባታቸው ስም ይጠራሉ፤ አራት ሰው ባለበት ቤት ሦስት የመጨረሻ ስም አለ። «የአቶ እገሌ ቤተሰብ 4» ብላችሁ ከላካችሁ ሚስትየዋን የሚፈልጋት ወንድሟ አያገኛትም። እያንዳንዱን ሰው በሙሉ ስሙ፣ በመታወቂያው ላይ ባለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ መዝግቡ፣ ማን የማን እንደሆነ አጠገቡ ጻፉ። አጻጻፉን ከራሳችሁ አታምጡ፤ ፀሐይ የሚባል ስም ቢያንስ በአራት መንገድ ይጻፋል። በአየር ላይ ፊደል በፊደል ስጡ፤ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል የራሱ መጥሪያ ቃል አለው። Tsehay እንዲህ ይባላል፦ ታንጎ፣ ሲዬራ፣ ኤኮ፣ ሆቴል፣ አልፋ፣ ያንኪ።

8. ፈቃድ ለሌለው ጎረቤት

ዕድራችሁ ወይም ቤተክርስቲያናችሁ ውስጥ ሁሉም ፈተና አይቀመጥም። ለእነሱ ኤፍአርኤስ የሚባሉት የሱቅ ሬዲዮዎች አሉ፤ ፈቃድ አይጠይቁም፣ በግቢና በአፓርትመንት መካከል ያደርሳሉ። ትንሽ ራቅ ማለት ለፈለገ ጂኤምአርኤስ አለ፤ ፈተና የለውም፣ 35 ዶላር ተከፍሎ ለ10 ዓመት መላውን ቤተሰብ ይሸፍናል። እኛ ሰፈር ያለው አሠራር ቀላል ነው፦ መብራት ከሄደ በእያንዳንዱ ሙሉ ሰዓት ላይ ለአምስት ደቂቃ ሁሉም ቻናል 3ን ይከፍታል፣ ችግር ያለበት ይናገራል፣ ቀሪውን ጊዜ ሬዲዮው ጠፍቶ ባትሪው ይቆያል። ከእነሱ የሰማሁትን ጉዳይ እኔ በአማተር ሬዲዮ ወደ ካውንቲው አሻግራለሁ። ቻናሉንና ሰዓቱን በአማርኛ አትመን በየፍሪጁ ላይ ለጥፈናል፤ ሰዓቱ ግን በፈረንጅ ነው፣ እሱም በትልቁ ተጽፏል።

ከተልእኮ ስትመለሱ የላካችሁትንና የተቀበላችሁትን ወረቀት ሁሉ ለቡድኑ ኃላፊ አስረክቡ፣ ባትሪውን በዚያው ቀን ቻርጅ ላይ አድርጉ፣ ቦርሳው ውስጥ ያለቀውን ተኩና በር አጠገብ አስቀምጡት። እኔ የወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ከፍቼ አያለሁ። ባለፈው ቆሎው አልነበረም፤ ልጆቹ ናቸው።